ይሉኝታ ሜዳ አይገባም

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ ብጠይቅህ አትመልስልኝም፤ ስለዚህ የቤቱን ወሬ እኔው ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት። ቱታህን አጥባ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ ለሰው ስጪው ያላት ሁሉ ጉዱ ይፈላል። ወልድያም ያው ናት፣ ባጃጅ በዛባት እንጂ።

ትልቁ ወሬ ግን የቡድንህ ነው። ስንት ዓመት የለፋህበት የኮሌጁ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ሊፈርስ ነበር። ዲኑ አሰልጣኝ ካልተገኘ ውድድር አንገባም፣ ውድድር ያልገባ ቡድን ደግሞ ይሰረዛል አሉ። ረዳትህ እኔ ነበርኩና ሁሉም ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ። እህትህ እታለም ግን፣ የአባቷ ሙት ዓመት ሳይደርስ ጥቁር ለብሳ ፊሽካ የምትነፋ ልጅ የት አገር ታይታ ታውቃለች፣ ሰው ምን ይለናል አለች። እኔም ሰው ምን ይላል ብዬ አንድ ወር ሙሉ ቤት ተቀመጥኩ። ልጆቹ ብቻቸውን ይሮጡ ነበር። አፈርኩ፣ አባዬ። በመጨረሻ ጥቁሬን እንደለበስኩ ሜዳ ወጣሁ፤ እታለምም አኮረፈችኝ።

ትዝ ይልሃል? አዲስ ልጆች ሲመጡ ከመስመሩ ወዲህ ታላቅና ታናሽ የለም ትላቸው ነበር። የእኛ አገር ልጅ እኮ አክባሪ ናት! ቅርጫቱ ሥር ብቻዋን ቆማ እንኳ፣ ቀድማ መወርወሩ ድፍረት ይመስላትና ኳሱን ለታላቋ ትመልሳለች። አንተ ታላላቆቹን እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው እንዲሮጡ ታዛለህ፤ ታናናሾቹ የሚሰጡት ሲያጡ እየፈሩም ቢሆን ይወረውራሉ። ለሳተችውም ታጨበጭባለህ። በሳቅ እንሞት ነበር።

መርሳ ላይ ስንጫወት በአንድ ነጥብ ተመርተን ጥቂት ሰከንድ ቀረ። አዲሷ ልጅ ሰብለ፣ የውርጌሳዋ፣ ቅርጫቱ ሥር ኳሱን አገኘች። አጠገቧ ማንም የለም። ዞራ ለአምበሏ ሰጠቻት! አምበሏን ሁለት ተጫዋች ይዟታል። ኳሱ ተነጠቀ፣ ተሸነፍን። እኔስ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሕዝብ ፊት ጮኽኩባት። አንተ አንዲትም ልጅ ሰው ፊት ተቆጥተህ አታውቅም። በመኪናው ውስጥ ሲሪንቃን እስክናልፍ ድረስ አንገቷን አላቀናችም።

መንገድ ላይ ሳስበው፣ ሰብለ ያደረገችው እኔ ቤት ተቀምጬ ያደረግሁትን ነው። የራሷን ኳስ አክብሮት ነው ብላ ለሌላ ሰጠች፤ እኔም ሥራዬን ሌላ ሰው እንዲያነሳልኝ ጠበቅሁ። ተነስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ ሁሉም እየሰማ ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ትስታለች፤ ግን ትወረውራለች። ውድድሩንም ደህና ጨረስን።

ባለፈው ሰኞ ዲኑ አስጠሩኝ። ቡድኑ አይፈርስም፤ ለከርሞ ግን ልምድ ያለው ሰው ከሌላ ከተማ ይመጣል፣ አንቺ ረዳት ሆነሽ ትቀጥያለሽ አሉኝ። እንዳሉ ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን የማሰለጥነው እኔ ነኝ፣ የሚመጣው ሰው እኔን ይርዳኝ አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ እስኪ ሙዪው ብለው የአሰልጣኝነት ማመልከቻ ቅጽ ሰጡኝ።

ነፍስህን በገነት ያኑርልን፣ አባዬ። ጥቁሩን ሙት ዓመትህ ሲወጣ አወልቀዋለሁ፤ አንተን ግን በየጠዋቱ ሜዳ ላይ አስብሃለሁ፣ ጉልበቴ እስኪደክም ድረስ። ቅጹ ላይ የሥልጠና ማስረጃ የሚል ክፍት ቦታ አለ። ወረቀት እንደሌለኝ ታውቃለህ። ስምህን ጻፍኩበትና ከሥሩ ፈረምኩ።

ልጅህ መሠረት