ሁለቱ ሳፋዎች

ይድረስ ለወንድሜ ለጌይዛ፤ በሰው አገር ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን።

የወንዙ ዳር ዛፎች ጥጣቸውን መበተን ጀምረዋል። በሰኔ በረዶ የወረደ ይመስላል፤ ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ በጥጡ መሃል ሲበር አያለሁ።

ዣኔታዬ መስከረም ላይ ትምህርት ትጀምራለች። በመግቢያ ፈተናው ላይ ፈታኟ የሳፋ ሥዕል አሳየቻትና «እናትሽ በዚህ ምን ታጥባለች?» አለቻት።

«የትኛው ሳፋ ነው? የዕቃው ነው የእግሩ?»

«ሳፋ ያው ሳፋ ነው!» ብላ ሳቀችባት፤ አእምሯቸው ዘገምተኛ ነው የተባሉ ልጆች ክፍልም አስገባቻት። እዚያ ያሉት ጂፕሲ እያሉ የሚጠሩን የእኛ የሮማዎች ልጆች ብቻ ናቸው።

ከኮሺትሴ ከተማ የመጣችው ጠበቃ «ይሄ በሕግ ክልክል ነው፤ እንደገና ትፈተናለች» አለችኝ።

«እመቤቴ፣ በእኛ ዘንድ የእግር ሳፋ የነካው ዕቃ ርኩስ ነው፤ ሕጉ ሳፋችንን ያውቃል?»

«ካላወቀ እንነግረዋለን።»

ዛሬ ጠዋት ዣኔታ እግሯን በታጠበችበት ሳፋ ኩባያዎቻችንን ስታጥብ ደረስኩ።

«ምን ነካሽ አንቺ?»

«እየተለማመድኩ ነው፣ እማ። አሁን ስፈተን አልሳሳትም።»

እናታችን ብትኖር ኩባያዎቹን ትሰባብራቸው ነበር። እኔ አልሰበርኳቸውም፤ አልጠጣሁባቸውምም። መስኮቱ ላይ ተደርድረው ጥጥ ይሞላባቸዋል።

ለመስከረም ከመጣህ በምን እንደማጠጣህ እንጃ። ብቻ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ማርጊታ