ተጋማሽ ዓመት በማን አቆጣጠር?

ለክቡር ዶክተር በዛብህ፣
በቀበና ማዶ የሳይንስ ኮሌጅ የሒሳብ ትምህርት ክፍል የዘርፍ ምደባ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለኮሚቴዎ አባላት በሙሉ ጤና እየተመኘሁ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ከአቃቂ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ፣ ይህን ያህል ስብሰባ የሚችል ሰው ጤናው የጸና መሆኑን ተረድቼ ተጽናንቻለሁ። በአካል ላገኝዎ ባለመቻሌ በጋዜጣ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ ጋዜጣ በስብሰባ መካከልም እንደሚነበብ ስለሰማሁ ነው።

ወይዘሮ ፈለቀች አምባው እባላለሁ። የምኖረው አቃቂ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። ባለቤቴ አቶ ጉተማ ጀቤሳ የሐዲድ ጠባቂ ነበር፤ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ የፋብሪካ ሠራተኞች ልብስ እየጠገንኩ አንዲት ልጃችንን አሳድጌአለሁ። ዲንቄ ጉተማ ትባላለች፤ ስሟን ያወጣላት አባቷ ነው፣ በእናቱ ቋንቋ ድንቅ ማለት ነው ይል ነበር። በኮሌጅዎ የሦስተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ናት። ጸሐፊዎ አቶ ቀናው «የትኛዋ ዲንቄ?» ብለው ጠይቀውኝ ስለነበር፣ በክፍሉ ውስጥ ያለችው ሴት አንዲት ብቻ መሆኗን እርስዎንም ላስታውስዎ።

ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ከሒሳብ ሰዎች ጋር ስነጋገር ሌላ መንገድ አላውቅም።

አንደኛ። ኮሌጅዎ ለተማሪዎቹ የሚያድለውን የትምህርት መምሪያ በአማርኛ ማሳተሙን አመሰግናለሁ፤ ባያሳትመው ኖሮ እኔ ባላነበብኩት፣ ልጄም ባልተሳሳተች ነበር። ኮሌጅ በገባችበት በ1960 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሁለት እሑድ ሙሉ ጠረጴዛ ከበን ተቀምጠን የአራቱን ዓመት ትምህርት በስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ አቀድን። እኔ ከመምሪያው አነብላታለሁ፣ እሷ በእርሳስ ትጽፋለች፣ አንዱ ትምህርት ለሌላው ቅድሚያ ሲሆን በቀስት ታያይዛለች። አንደኛ ዓመት ካልኩለስ፤ ሁለተኛ ዓመት ሊኒየር አልጀብራ፤ ሦስተኛ ዓመት ረቂቅ አልጀብራ። ከዚያ በኋላ መምሪያው ሦስት በር ይከፍታል፤ አንዱ ንጹሕ ሒሳብ፣ አንዱ ተግባራዊ ሒሳብ፣ አንዱ ሒሳብ ማስተማር። ረቂቅ አልጀብራን እስከ ሦስተኛ ዓመት መጨረሻ ያላጠናቀቀ ተማሪ ወደ ንጹሕ ሒሳብ አይገባም። ዲንቄ የምትፈልገው ይህንኑ ነው። ምን ያደርግልሻል ብዬ ብጠይቃት፣ «ሌላው እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል እማዬ፤ ይኼኛው ለምን ትክክል እንደሆነ ይጠይቃል» አለችኝ። ጎረቤቴ ወይዘሮ አደሴ ግን ስሙን ስትሰማ፣ «ንጹሕ ሒሳብ? እሱማ ሰማይ ቤትም አይገኝ፤ ባለሱቁን ሰቦቃን ጠይቂው!» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ይህን የምጽፍልዎ በዚህ ጉዳይ እስካሁን የሳቀች ሰው እሷ ብቻ ስለሆነች ነው።

ሁለተኛ። ያው መምሪያ በገጽ 14 ላይ ረቂቅ አልጀብራ «በተጋማሽ ዓመታት፣ በሁለተኛው መንፈቅ ይሰጣል» ይላል። ተጋማሽ ማለት ለሁለት ሲካፈል የማይተርፈው ነው፤ በእኛ ሰፈር ሙሉ እንለዋለን፣ ሌላውን ጎዶሎ። 1962 ሙሉ ነው። ልጄ በ1962 ሦስተኛ ዓመት ትደርሳለች። የቆጠርኩላት እኔ ነኝ። እሷ አሰመረችበት፣ እኔ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት፣ ሁለት ዓመት ተኩልም እያየነው ኖርን።

ባለፈው የካቲት ልትመዘገብ ብትሄድ አቶ ቀናው «አምና አለፈሽ እኮ፤ የሚቀጥለው ለከርሞ ነው» አሏት። መምሪያውን ብታሳያቸው «በፈረንጅ አቆጣጠር ነዋ!» አሉ። የመምሪያው ሽፋን ላይ የታተመበት ዓመት በእኛ አቆጣጠር መጻፉን ልጄ አላነሣችባቸውም፤ አስተዳደጓ ነው።

እኔ ግን እንደገና ቆጠርኩ። ክቡርነትዎ ምሁር ስለሆኑ ስሌቴን ቢያርሙልኝ ደስ ይለኛል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ የፈረንጁ ዓመት ከእኛ በሰባት ይበልጣል፤ ከጥር ጀምሮ በስምንት። ሁለተኛው መንፈቅ የሚጀምረው የካቲት ነው። የዘንድሮው የካቲት በእኛ 1962፣ በፈረንጅ 1970 ነው፤ ሁለቱም ሙሉ ናቸው። ትምህርቱ የተሰጠበት የአምናው የካቲት በእኛ 1961፣ በፈረንጅ 1969 ነበር፤ ሁለቱም ጎዶሎ ናቸው። ስለዚህ ኮሌጅዎ በተጋማሽ ዓመት እሰጣለሁ ያለውን ትምህርት በማንም አቆጣጠር ተጋማሽ ባልሆነ ዓመት ሰጥቶ፣ በማንም አቆጣጠር ተጋማሽ በሆነ ዓመት ከልክሏል። ይህን በወረቀት ጽፌ ብቀርብ አቶ ቀናው ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «የትምህርት ዓመት የሚቆጠረው በሩ በተከፈተበት ነው፤ የአምናው የተከፈተው በ1968 ነው፣ በፈረንጅ» አሉኝ። በሩ የተከፈተው መስከረም፣ ትምህርቱ የካቲት፣ መምሪያው አማርኛ፣ ቁጥሩ ፈረንጅ። አመሰገንኳቸው። «ይህን ሁሉ ከየት አመጡት እናቴ?» ብለው ጠየቁኝ። ከመምሪያችሁ አልኳቸው።

ሦስተኛ። ልጄ ለኮሚቴዎ አመለከተች። ጥያቄዋ አጭር ነበር፤ ወይ ትምህርቱን ለከርሞ፣ በሚሰጥበት ጊዜ፣ ከአራተኛ ዓመት ትምህርቷ ጋር ደርባ እንድትወስድ፣ ወይ ለብቻዋ አጥንታ እንድትፈተን። አምና ሁለት ወንዶች ተማሪዎች ይህንኑ ትምህርት ሳይወስዱ «ተስፋ የሚጣልባቸው» ተብለው በፈተና ብቻ ወደ ንጹሕ ሒሳብ መግባታቸውን ሰምታ ስለነበር፣ ጥያቄዋ አዲስ ነገር አልመሰላትም። መልሱ በአሥራ ሁለት መስመር መጣ። በአራተኛው መስመር ደንብ ደንብ መሆኑ ተገልጿል፤ ይህን ስላረጋገጡልኝ አመሰግናለሁ። በዘጠነኛው መስመር «ተማሪዋ የተመደበችበት ሒሳብ የማስተማር ዘርፍ ለጠባይዋና ለጾታዋ የሚስማማ ሆኖ ስለተገኘ» ይላል። ስለ ጾታዋ አልተሳሳታችሁም። ጠባይዋን ግን እኔ ሃያ አንድ ዓመት አብሬያት ኖሬ ገና አውቄ ስላልጨረስኩት፣ ኮሚቴዎ በአንድ ስብሰባ ማጠናቀቁን ሳደንቅ እኖራለሁ።

ማስተማርን ንቄ እንዳይመስልዎ። ሰው ወዶ ሲገባበት ክቡር ሥራ ነው። በዓመት ቆጠራ የወደቀ ሰው የሚጣልበት ሥፍራ ሲሆን ግን፣ ልጄን ትቼ፣ ለሚማሩት ሕፃናት አዝናለሁ።

አራተኛ። ይህ ቁጥር ኮሚቴውን አይመለከትም፤ ቅሬታው በራሴ ላይ ነው። ተራው ስለደረሰ እጽፈዋለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት በልጅነቴ ለወንድሜ ምሳ ሳደርስ ከቄስ ትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆሜ ነው። ማንበብ የለመድኩት ዕቃ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። ባለቤቴ ማንበብ አይችልም ነበር፤ እኔ እንደምችል አልነገርኩትም። ያፍራል ብዬ ነው። የሐዲድ ማስታወቂያ ሲመጣ የጣቢያው ሹም በቃል ይነግሩት ነበር። በጥቅምት 1950 አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ካፖርቱን ተቀብዬ ልሰቅል ስል ከኪሱ ወረቀት ወደቀ። አነበብኩት። በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሞጆ በኩል ተጨማሪ የጭነት ባቡር እንደሚያልፍ ይናገራል። አጥፌ መልሼ ኪሱ ከተትኩት። ነግረውታል ብዬ አሰብኩ። ሹሙ በዚያ ቀን ለገሃር ሄደው ወረቀቱን በሰው እጅ እንደላኩለት የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ ነው። ጠዋት ጉም ነበር። ቁርሱን ሰጥቼ፣ ካፖርቱን አቀብዬ ሸኘሁት። ወረቀቱ ግልጽ ነበር፤ በወረቀቱ ላይ ምንም ጥፋት አልነበረም።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ልጄም አሁን እዚህ ላይ ታነበዋለች። በለቅሶው ሰሞን ሰዎች አታነባም ብለው አምተውኝ ነበር። አነባለሁ፤ ወረቀት። እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ አነባለሁ። ሌላ የምነግርዎ ስሜት የለኝም። ብቻ አንድ ወረቀት አንብቤ ዝም ብዬ ስለማውቅ፣ ሁለተኛውን አንብቤ ዝም ልል አልቻልኩም። ዝምተኛ ሴት ነኝ፤ ጋዜጣ ላይ የወጣሁበት ምክንያት ይህ ብቻ ነው።

አምስተኛ። ከመልሱ ጋር በወላጅ የሚፈረም አንድ ቅጽ ተያይዞ መጣ። «የልጄን የዘርፍ ምደባ አንብቤ ተስማምቻለሁ» ይላል። እስከ ሚያዝያ 30 ቀን ተፈርሞ ካልተመለሰ ተማሪዋ «በፈቃዷ ከትምህርት ገበታ እንደተለየች ይቆጠራል»። በፈቃዷ የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ልጄ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «ፈርሚው በቃ እማዬ። መምህርነትም እንጀራ ነው» አለችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፣ ኀዘንም የለም። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመት በመስታወት ሳየው ኖሬአለሁ። ከዚያ ሦስት ወፋፍራም ደብተሮች አንሥታ አልጋው ሥር ከተተቻቸው። እሷ በሌለችበት አውጥቼ አየኋቸው። የረቂቅ አልጀብራውን መጽሐፍ ከአንድ የክፍል ጓደኛዋ ተውሳ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በእጇ ገልብጣዋለች፤ ከየጥያቄው ሥርም መልሷን ሠርታለች። የጻፈችው ጠዋትና ማታ በሊቶሪናው ባቡር ስትመላለስ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ነው፤ ባቡሩ በተንገጫገጨበት ቦታ ሁሉ መስመሩ ተወላግዷል። የተጻፈውን ነገር አልተረዳሁም። በአንድ ገጽ ላይ ግን ሦስት ጊዜ ሠርታ ሦስት ጊዜ ሰርዛ፣ በአራተኛው ከሥሩ «አዎ!» ብላ ጽፋለች። ይህች ልጅ «ፈርሚው በቃ» ያለችኝ ናት።

ስለዚህ ክቡር ዶክተር፣ የምለምንዎ ምሕረት አይደለም፣ ፈተና ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ ሦስት ሰዓት። ለሁለቱ ወንዶች ያወጣችሁትን ያንኑ ጥያቄ ብትሰጧት አዲስ ለማውጣትም አትደክሙም። ብትወድቅ ወደ ማስተማሩ ዘርፍ ራሴ ይዣት መጥቼ፣ «ተስማምቻለሁ» ብዬ ፊትዎ እፈርማለሁ። ብታልፍ ደግሞ ኮሚቴው ከሚያዝያ 30 በፊት አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ይጠበቅበታል፤ በአሥራ ሁለት መስመር መከልከል የቻለ ኮሚቴ በአንድ መስመር መፍቀድ አይከብደውም ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ የሚቀጥለው ስብሰባ እንዳያመልጥዎ ከዚህ በላይ ጊዜዎን አልሻማም። እግዚአብሔር ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለኮሚቴዎ ተጋማሽና ጎዶሎን የሚለይ ሰው ይስጥልኝ እያልኩ፣ የቢሮዎን በር ከውጭ በኩል ጠንቅቄ የማውቅ፣ የጸሐፊዎን አግዳሚ ወንበር ሦስት ጊዜ ያሞቅሁ፣ እስከ ሚያዝያ ሠላሳ ድረስም ከአክብሮት ጋር የምጠብቅዎ፣

ፈለቀች አምባው
የሟች የአቶ ጉተማ ጀቤሳ ባለቤት፣ የተማሪ ዲንቄ ጉተማ እናት
አቃቂ፣ መጋቢት 24 ቀን 1962 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ስለ ቅጹ ለመጠየቅ የቀረብኩ ዕለት አቶ ቀናው ምንም ሳልጠይቃቸው የጣት አሻራ ቀለም ስላቀረቡልኝ አመሰግናለሁ፤ ብዕር ይዤ ስለነበር ሳልጠቀምበት ቀረሁ። ቅጹ ዛሬ በአደራ ደብዳቤ ተልኮልዎታል። ሁለት የፊደል ግድፈት አርሜበታለሁ። «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ቃል በአንድ መስመር ሰርዤ፣ «አንብቤ» የሚለውን «አንብቤአለሁ» አድርጌ፣ በሙሉ ስሜ ፈርሜበታለሁ። «በፈቃዷ» ከሚለው ቃል አጠገብ ባዶ ቦታ ትቻለሁ፤ ልጄን ከትምህርት ገበታዋ የሚለያት ሰው ስሙን እዚያ ላይ ይጻፍበት።