ከገዛ አልጋዬ ቀሪ ስለ መባሌ

ለተከበሩ አቶ ምንያህል
የሠፈራችን እድር ሊቀመንበር
ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ሐዋሳ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ መላው የጥየቃ ኮሚቴም እንደምን ሰንብታችኋል? ጉልበታችሁ እንዳልደከመ በየቀኑ በዓይኔ ስለማይ የእናንተ ጤና አያሰጋኝም፤ የእኔ እንደምታዩት ነው።

እንደሚያውቁት እኔ ብርቅዬ፣ የሰባ ሁለት ዓመት ሴት፣ በሥራ ዘመኔ ግማሹን ከተማ ያሯሯጥኩ የስፖርት መምህርት፣ ወድቄ ዳሌዬ ተሰብሮ፣ ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ተኝቼ ከወጣሁ ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ስወጣ ፊዚዮቴራፒስቷ ቅድስት ያዘዘችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በቀን ሦስት ጊዜ በመደገፊያዬ እየተራመድኩ፣ እስከ ቀጠሮዬ ድረስ ከአልጋዬ ተነሥቼ ግቢዬ በር ደርሼ መመለስ እንድችል። ካልተራመድኩ እግሬ ደርቆ እንደሚቀርና የተረፈኝን ዕድሜ ሰው እያነሣ እያስቀመጠኝ እንደምኖር ሳትደብቅ ነግራኛለች። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ከሞት አብልጬ እፈራዋለሁ። ቀጠሮዬ የፊታችን ሐሙስ ነው፤ እስካሁን የደረስኩት መታጠቢያ ቤት ድረስ ነው። ለዚህም የኮሚቴውን ውለታ እንደሚከተለው እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በፈረቃ ሠላሳ ሠላሳ ጠያቂ ስለ መደባችሁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ብድግ ባልኩ ቁጥር «አፈር ስሆን ይተኙ!» እያሉ ስምንት እጆች መልሰው ያጋድሙኛል። ከጠያቂዎቹ አንዷ ወይዘሮ ፈትያ ደግሞ «የሚያደክምዎት ይሄ ነው» ብለው መደገፊያዬን ከበሩ ጀርባ አቁመው የጠያቂ ጃንጥላ መስቀያ አድርገውታል።

ሁለተኛ፣ ጠያቂ መቀመጫ አጣ ተብሎ የእድሩ ድንኳን ከነአግዳሚ ወንበሩ ግቢዬ ውስጥ ተተክሏል፤ ልለማመድበት የሚገባኝ የሃያ ስድስት እርምጃ መንገድም በካስማና በገመድ ተሞልቷል። ድንኳኑን ያየ መንገደኛ ሁሉ እያለቀሰ ይገባል። የቀድሞ ተማሪዬ ሮቢ ከመናኸሪያ በባጃጅ ከንፎ፣ ደረቱን እየደቃ ቢገባ፣ እኔ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ የዓሣ ሾርባ እጠጣለሁ። ራሱን ስቶ የወደቀው እሱ ነው። ኮሚቴውም ሳይውል ሳያድር ለሮቢ ጠያቂ መድቦለታል።

ሦስተኛውን ልጽፍ ስል የቀትሩ ፈረቃ ስለ ገባ ምን እንደነበር ረስቼዋለሁ፤ ምናልባት እርስዎ ያውቁት ይሆናል።

አራተኛ፣ የእድሩ ጸሐፊ አቶ ሱልጣን በየፈረቃው ከራስጌዬ ቆመው ስም ይጠራሉ፤ ያልመጣ አባል ይቀጣልና ሥርዓት ነው፣ አልቃወምም። ሆኖም ባለፈው ማክሰኞ መታጠቢያ ቤት ሳለሁ፣ እኔም አባል ነኝና ስሜ ተጠርቶ «አቤት» የሚል በመጥፋቱ፣ ቀሪ ተብዬ ተመዝግቤአለሁ። አቤቱታ ባቀርብ፣ የታመመ አባል ሌላውን ከመጠየቅ ነጻ እንደሆነ፣ ራሱን ከመጠየቅ ነጻ የሚያደርገው አንቀጽ ግን በደንቡ ውስጥ እንደሌለ አቶ ሱልጣን በታላቅ ትሕትና አስረድተውኛል።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ይህ ቤት የሰው ድምፅ ናፍቆት ነበር፤ እናንተ ሞልታችሁታል፤ አልክድም፣ እወዳችኋለሁም። ስለምወዳችሁ ነው እኔም በተራዬ በእግሬ መጥቼ ልጠይቃችሁ የምፈልገው። ስለዚህ ድንኳኑ ይነሣልኝ። የሚመጣውም ሰው አንድ አንድ እየሆነ ይምጣና፣ ከሚያጋድመኝ ይልቅ ክንዴን ይዞ እስከ በሩ ያድርሰኝ።

ቆሜ ማመስገን ስላልተፈቀደልኝ በጀርባዬ ተንጋልዬ እጅ የምነሣው፣
ታዛዥ ታማሚዎ፣
ብርቅዬ (ጡረታ የወጣች እንጂ መራመድ ያልተወች)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ እንዲያደርስልኝ የለመንኩት ሰው ሁሉ «መጀመሪያ ይተኙ» ስላለኝ፣ በቀትሩና በማታው ፈረቃ መካከል መደገፊያዬን ከጃንጥላ ነጻ አውጥቼ፣ የድንኳኑን ሁለት ገመድ በሽንኩርት ቢላዬ ቆርጬ፣ ሦስት መቶ አርባ እርምጃ ቆጥሬ ራሴ እድሩ ቢሮ ደርሻለሁ። ቢሮው ዝግ ነው። በሩ ላይ «ኮሚቴው ወይዘሮ ብርቅዬን ለመጠየቅ ወጥቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ እጠብቃችኋለሁ። ለአቶ ሱልጣን ይንገሩልኝ፦ ስሜን ሲጠሩ ቀሪ ይበሉኝ፤ ዛሬስ እውነታቸውን ነው።