ሦስተኛው ትውልድ ተዘጋ ያሉ ዕለት

የልጆቼ አባት፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ሁለት የሲግድ በዓል አለፈ፤ ሦስተኛውም እየመጣ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ያመኛል፣ ሊፍቱም እንደ ድሮው ተበላሽቷል። ልጃችን ዮሲ ቤተሰቡን ይዞ ካርሜ ጋት የሚሉት አዲስ ሰፈር፣ ከአዲሱ ፎቅ ገባ። አብረሽን ነይ ቢለኝ እምቢ አልኩት።

የምጽፍልህ ግን ናፍቆት ብቻ ይዞኝ አይደለም። ቋቅ እስኪለኝ ያስጠላኝ ነገር አለ። ለሰው ባወራው ይስቅብኛል፤ አንተ አትስቅም።

ያን ባለ ቁልፍ ስልክህን አላዘጋሁትም ነበር። ማቀዝቀዣው ላይ፣ ቻርጀሩ እንደተሰካ ተቀምጧል። ልጁን የሚድር ሁሉ ዘር የሚያስቆጥረው በአንተ አልነበር? መሞትህን ያልሰማ ከሐይፋም ከነቲቮትም ይደውላል። እኔም ወደ አባ ይርዳው እመራዋለሁ። ከእናንተ ከቆጣሪዎቹ የቀሩን እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም በቃላቸው የያዙት ቁጥር ያንተን ብቻ ነው።

እንግዲህ ሺራ፣ የዮሲ ትልቋ፣ ልታገባ ነው። ልጁ አቪ ይባላል፤ አሽቀሎን ያደገ፣ ወላጆቹ ከወገራ የመጡ፣ ጨዋ ልጅ ነው። እስከ ሰባት ትውልድ እንደማይዛመዱ ይታወቅ ብለን ለአባ ይርዳው ነገርናቸው። እሳቸውም ጠይቄ አጣርቼ በታደለ ስልክ እነግራችኋለሁ አሉ። ሁለቱም ቤት ጆሮውን አቁሞ መጠበቅ ጀመረ።

በዚህ መሀል ስልክህ ጭጭ አለ። ይዤው ስልክ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ማስቲካውን እያላመጠ፣ ዓይኑን ከራሱ ስልክ ሳያነሳ፣ አያቴ ለማለት ሳቭታ ብሎ፣ ይሄ ዶር ሽሊሺ ነው፣ ተዘግቷል፣ ጣይው አለኝ። የኔትወርኩን ሦስተኛ ትውልድ ማለቱ ነው። ለካ እነሱም ትውልድ ይቆጥራሉ! አንደኛው ድምፅ ብቻ ነበር አሉ፤ ሁለተኛው የጽሑፍ መልእክት አመጣ፣ ሦስተኛው ኢንተርኔት፣ አራተኛው ፊልም፣ አምስተኛው ደግሞ ያንኑ ፊልም በጥድፊያ። ልጅ በተወለደ ቁጥር አባቱን ቆሻሻ ላይ ይጥላል። ወግድ! እንዲህ ያለው ዘር ቆጠራ ይቅርብኝ።

የመጀመሪያውን ስልክ የገዛህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ከፋብሪካ ስትመለስ በረንዳ ላይ ወጥተህ ቅሊጣ የለም፣ ቅሊጣ የለም እያልክ ሰፈሩን ታደነቁረው ነበር። በዕብራይስጥ ስልክ ኔትወርክ ሲይዝም ቅሊጣ ነው፣ አገር አዲስ መጪን ሲቀበልም ቅሊጣ ነው። እኛን ገና ተቀብለው ሳይጨርሱ ስልኩን ምን አስቸኮለው ትለኝ ነበር። ያን ቀልድህን ስንቴ ሰምቼ ስንቴ እንደሳቅሁ!

የአቪ እናት ብርቱካን ያንተ ስልክ አልገባ ሲላት ለዮሲ ደወለች። ዮሲ ሥራ ላይ ነበር፤ አማርኛውን ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ሁለት ቃል ተናግሮ ወደ ዕብራይስጡ ይሸሻል። ምን ተገኘ ስትለው ስለ ስልኩ የጠየቀችው መሰለውና ዶር ሽሊሺ ነው፣ ተዘግቷል፣ አበቃ ብሏት ቁጭ። እሷ የጠየቀችው ስለ ቆጠራው ነበር።

ሦስተኛ ትውልድ! ልጅ አንድ፣ አባት ሁለት፣ አያት ሦስት። ሙሽሮቹ በአያት ይገናኛሉ ማለት ነው፤ የሺራ አያት ደግሞ አንተ ነህ። ወሬው ከአሽቀሎን እኛ ጋ ቂርያት ጋት ለመድረስ ምን ያህል ይፈጅበታል? ታደለ ወገራ ላይ ዲቃላ ነበረው ተባለ። አንተን! የሰው ሚስት ቀና ብለህ ሳታይ የኖርከውን! ለቅሶህ ላይ ደረታቸውን የደቁ ሴቶች አውቶቡስ ጣቢያ ላይ ሲያገኙኝ ከንፈራቸውን እየመጠጡ አይዞሽ አሉኝ። ያን አይዞሽ እፊታቸው ልተፋው ምንም አልቀረኝ። ሺራ ቀለበቷን አውልቃ መጥታ አልጋዬ ላይ ተጠቅልላ አለቀሰች።

ዮሲ ነገሩ ሲገባው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሳቀ። ሳቀ እልሃለሁ! ለጓደኞቹም እንደ ቀልድ በስልኩ ላከላቸው። የአባቱ ስም በጭቃ ሲለወስ እሱ ጥርሱን ያሳያል። ያጠባሁትን ጡቴን ጠላሁት። ሚስቱ ደግሞ ምራቃቸውን በብልቃጥ አድርገን ብንልከው ዘራቸው ተመርምሮ ይመጣል አለች። ትውልድ በምራቅ! ኤጭ!

ብርቱካን ግን ሰው ናት። እውነቱን ስትሰማ አባ ይርዳውን አስቀድማ፣ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ልትለምነኝ መጣች። የአገራችን ድንጋይ እዚህ ከየት ይምጣ፤ ካርሜ ጋት ከሚሠራው ፎቅ ሥር የእግረኛ መንገድ ጡብ አንስታ፣ አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ያን ሁሉ ደረጃ እያለከለከች ወጣች። ላልምራት ቆርጬ ነበር። ላቧን ሳይ አንጀቴ አልችል አለና ጡቡን በእጄ አወረድኩላት።

አባ ይርዳው ለካ የተዘጋው ስልክህ ላይ ሲደውሉ ነው የሰነበቱት። ሶፋው ላይ ተቀምጠው የአቪን ወገን እስከ ሰባት ቆጠሩ። የሺራን ሊጀምሩ ሲሉ ይቆዩ አባ፣ እሷ ትቁጠር አልኳቸው፤ እያለቀሰች ሳለ ሳስጠናት ነበር የሰነበትኩት። አማርኛዋ እንደ አባቷ ይንገዳገዳል። ተነስታ ቆመች። ሺራ አንድ፣ ዮሴፍ ሁለት አለች። ብርቱካን ዓይኗን መሬት ተከለች። ከዚያ ልጅቷ ቀና ብላ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ፣ ታደለ ሦስት አለች። ሳትቆምም ሰባተኛው ድረስ ሄደች። አባ ይርዳው ሁለቱን አስተያይተው የሚገናኙበት የለም ብለው መረቁ። እኔም ጉልበቴን ረስቼ ዘልዬ እልል አልኩ።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። አልረሳህም ብዬ ብምልልህ ለእኔ ቀላል ነው፤ እኔማ ዛሬ ነገ ሳልል እከተልሃለሁ። ስለዚህ ቃሌ ሌላ ነው። ዕድሜ ከሰጠኝ የሺራን ልጆች አፍ ሲፈቱ ጀምሬ አስቆጥራቸዋለሁ፤ ካልሰጠኝም ሺራ ልታስቆጥራቸው እጄን መትታ ቃል ገብታልኛለች። ለእነሱ አራተኛ ትሆናለህ፣ ለልጆቻቸው አምስተኛ። እስከ ሰባት ድረስ ማንም አይዘጋህም፤ ከሰባት ወዲያ ያለውን እነሱ ይወቁበት።

ሚስትህ