ቃል አምባ የተሰጠች ዕለት

ጎንደር፣ ጥር ፩ ቀን

ውድ ልጄ ዓይናዲስ፣

ብዕር ያነሣሁት አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ በእንቆቅልሽ ጨዋታ የተሰጠ አገር ለሰጪው ይመለሳል ወይስ አይመለስም? ጥያቄው የልጅ ሊመስልሽ ይችላል። ነገር ግን አንዲት የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ በዚህ ምክንያት ከንባብ ክፍላችን ደጅ ቀርታለች። እኔም ዕድሜ ልኬን ሰዋስው ሳስተምር ያልገጠመኝ ነገር ገጥሞኝ ግራ ተጋብቻለሁ።

እንደምታውቂው፣ ከአይከል በሾፌሩ በአለበል ሚኒባስ የምትልኪያቸውን የመጽሐፍሽን ምዕራፎች ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቹ አነብባለሁ። ቃል እንደ ገብስ የሚዘራባት፣ ተረት በአውድማ የሚወቃባት መንደርሽ ቃል አምባ እጅግ አስደስታቸዋለች። እንዲህ ያለች መንደር በየትኛውም ካርታ የለችም ብዬ እንደ ተቃወምሁሽ አልዘነጋሁም፤ ዛሬም የለችም። ይሁን እንጂ ልጆቹ ወደ ክፍሉ ሲገቡ «ቃል አምባ ደረስን» እያሉ የጫማቸውን አቧራ ያራግፋሉ፤ መከልከሉን ትቼዋለሁ። በአራተኛው ምዕራፍ ሁለት ቦታ ላይ የተሳቢ ምልክት ጎድሏል፤ እርማቱን ለብቻው ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ።

ልጅቱ አበቡ ትባላለች። አባቷ ከከብቶቹ ጋር መካነ ብርሃን ቀርቷል፤ እሷ ለትምህርት መጥታ ከአክስቷ ከወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ዘንድ ትኖራለች። መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ አባቷን ካየች ዓመት አልፏታል። እንደ አገሯ ልማድ «አያ» ትለኛለች፤ የከተማው ልጆች ይስቁባታል። ብዙ አትናገርም። ሳነብ ግን ከንፈሯ አብሮኝ ይንቀሳቀሳል።

ከገና ሁለት ሳምንት በፊት በነበረው ቅዳሜ ምዕራፉ ሲያልቅ ልጆቹ እንቆቅልሽ እንጫወት አሉ። በሥርዐቱ ከሆነ ብዬ ፈቀድሁ፤ መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል፣ የተቀበለውም አገሩ ገብቶ እየተንደላቀቀ ይሳለቅበታል። የጎረቤቴ ልጅ ታከለ ወደ አበቡ ዞረ።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልህ።»

«ከአንዱ ሲወጣ አይታይም፤ ሌላው ዘንድ ሲገባ ያማል።»

ብዙ አሰበችና «አላወቅሁትም» አለች።

«ስድብ ነዋ! አገር ስጪኝ!»

ዓይኗን በክፍሉ አዞረች።

«ጎንደርን ስጪውና ገላግይን» አለቻት ፋሲካ፣ ከሁሉም ምላሰኛዋ።

«ጎንደር የእኔ አይደለም። የሰው አገር ይሰጣል እንዴ?»

«እንግዲያው መካነ ብርሃንን ስጪኝ!» አለ ታከለ።

«እሱንስ አልሰጥም። አባቴ አለበት።»

«አባትሽን ከነላሞቹ እተውልሻለሁ፤ አገሩን ብቻ!»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ጨዋታው እንዳይበላሽ ብዬ፣ «ሥርዐት ሥርዐት ነው፤ አንድ አገር ጥሪ» አልኋት። ቀና ብላ አየችኝ።

«እሺ፣ አያ። ቃል አምባን ሰጠሁ።»

«እሷማ የሁላችንም ናት!» ብለው ተንጫጩ።

«እኔ ያለችኝ እሷ ናት» አለች።

ታከለ ግን እንደ ልማዱ አወረደው፤ «ቃል አምባ ገብቼ፣ ማሩን እየላስሁ፣ እርጎውን እየጠጣሁ፣ ሙክቱን እያረድሁ፤ አንቺ ግን ደጅ ከውሾች ጋር ኩርምት ብለሽ!» ሁሉም ሳቁ። እሷም አብራ የሳቀች መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከክፍሉ ደረጃ ላይ ኩርምት ብላ አገኘኋት።

«ምነው ደጅ ተቀመጥሽ?»

«ሰጥቻታለሁ እኮ፣ አያ። ሰጥቼ ሳበቃ በየት በኩል ልግባ?»

«ጨዋታ ነው፣ ልጄ።»

«አንቱ አይደሉ ሥርዐት ነው ያሉኝ?»

ታከለ ሰምቶ ኖሮ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወጣ፤ «እንኪ፣ መልሼልሻለሁ! ውሰጃት!» አላት። እሷ ግን ወደ እኔ ዞረች፤ «መመለስ በጨዋታው አለ ወይ?» ልጆቹ ሁሉ በሩ ላይ ተደራርበው ያዩኝ ጀመር።

ከእናቴ አፍ የሰማሁትን፣ ከሽማግሌዎች የለቀምሁትን ሁሉ በልቤ አገላበጥሁ። አገር ሲሰጥ እንጂ ሲመለስ ሰምቼ አላውቅም። «አለ» ብዬ ብዋሽ ታምነኝ ነበር። አልዋሸሁም። ይህ እውነተኛነቴ ይሁን ድርቅናዬ እስካሁን አልለየልኝም። እሷ ከደጅ እንድትሰማ በሩን ገርበብ አድርጌ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ፤ አንድም ልጅ አልሳቀም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን አወጣዋለሁ፣ አወርደዋለሁ። አንዳንዴ ልጅቱ እየተጫወተችብን ነው እላለሁ። ወዲያው ደግሞ የምታለቅሰው ለአባቷ አገር ነው እላለሁ፤ ግን ስታለቅስ አላየኋትም። እየቀጣችኝ ይሆን? የለችም ያልኋት መንደር የማን ናት ብዬ ስጨነቅ ራሴን አገኘሁት። ባለቤትና ተሳቢ ለይቶ ያስተማረ ሰው ይህን ዐረፍተ ነገር መተንተን አልቻለም።

ስለዚህ ጥያቄውን ወደ አንቺ አመጣሁት። መንደሯን ያቀናሽ አንቺ ነሽ፤ ሕጓም ከአንቺ ይወጣል። የመጨረሻው ምዕራፍ ገና አልተጻፈም። ከመጻፍሽ በፊት፣ የተሰጠች ቃል አምባ ትመለስ እንደ ሆነ፣ የምትመለስም ከሆነ በምን መንገድ እንደ ሆነ ወስኚ። እኔን ለማስደሰት ብለሽ አትጻፊ፤ ለልጅቱም አዝነሽ አታቅልዪው፣ የውሸት ቃል ከሩቅ ይሸታታል። «አትመለስም» የሚል ከሆነም እሱኑ ጻፊ።

ስልክ አትደውዪ። ደውላ ነገረችኝ ብላት አበቡ አትቀበለኝም፤ ያንቺን የእጅ ጽሑፍ ማየት አለባት። ከከተራ በፊት በሚውለው ዓርብ ለአለበል ስጪልኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከእጄ እንዲገባ።

ካልደረሰልኝ ወንበሬን አውጥቼ የበሩ ደፍ ላይ እቀመጣለሁ። ከዚያ ሳነብ ድምፄ ለውስጡም ለውጩም ይዳረሳል። ደፉ የማን አገር እንደ ሆነ ግን አላውቅምና፣ እሱንም ጨምረሽ ጻፊልኝ።

አስተማሪሽ፣
ልዑልቃል ሀዳነ