በአማርኛ ያልኳት

ቅዳሜ

ሜሮን ተሰብራለች። ዳሌዋና ግራ እግሯ። አምቡላንሱ ከፓራሹት ዝላይ ሜዳው ሲወጣ ቆሜ አየሁት እንጂ አብሬያት አልገባሁም። ሠራተኛው «ቤተሰብ ነሽ?» ሲለኝ «አይ፣ አሰልጣኟ ነኝ» አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። አውቃለሁ እንጂ። ዓይኗን ማየት ስላቃተኝ ነው።

ዛሬውኑ ልጻፈው። ነገ ካልኩ ሌላ ታሪክ እሠራለታለሁ።

ጠዋት ነፋስ ነበር፤ ያ አቧራ የሚያስነሳው የሰሜን ነፋስ። ለተማሪ ከሚፈቀደው በታች ነው፣ ለጥቂት። ሜሮን ገና የመዝለያ ላይሰንስ አላወጣችም። አብረን ወጣን። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ወደ ታች አየችና ራሷን ነቀነቀች። «ዛሬ አልዘልም» አለችኝ። ይህን ማለት የማንም ሰው መብት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የምናስተምረውም እሱን ነው። እኔ ዘለልኩ። እሷ በአውሮፕላኑ ተመለሰች።

በአውሮፕላን የተመለሰ ሰው አውሮፕላኑ በሚያድርበት ሃንጋር ውስጥ ምን እንደሚጠብቀው አውቃለሁ። ሁሉም ክርኑን እያራገበ እንደ ዶሮ ይንጫጫበታል፣ ዶሮ ለእነሱ ፈሪ ማለት ነው፤ ማታም ቢራ የሚጋብዘው እሱ ነው። የቆየ ልማድ ነው። ዛሬም ተንጫጩባት። ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እዚያ ሜዳ ላይ አበሻ እኔና እሷ ብቻ ነን። አንድ ነገር እንድልላት ነበር የዞረችው። እኔም እየሳቅኩ፣ በአማርኛ፣ «ከእናትሽ ጉያ መውጣት ካልቻልሽ እዚህ ምን አመጣሽ?» አልኳት።

ለማንም አልገባውም። እኔ ስስቅ አይተው እነሱም ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ እንዳለ ነው። ሜሮን ራሷ ሄዳ ስሟን አስመዘገበች። አየኋት፤ አልከለከልኳትም። ይባስ ብዬ «ጎበዝ!» እያልኩ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኋት። ልታርፍ ስትል ነፋሱ ወደ አጥሩ ገፋት፣ ደነገጠች፣ መሬት አጠገብ ስትደርስ ፓራሹቱን በኃይል አዞረችው። ፓራሹት ሲዞር ቁልቁል ይወርዳል፤ ከፍታ ከሌለሽ የምታርፊው በአጥንትሽ ነው። ይህንንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

እሑድ

ሆስፒታል ሄድኩ። ሜሮን ኦፕራሲዮን ላይ ነበረች።

እናቷ እትዬ ብርቄ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ነው የመጡት፣ ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም። እኔ ሜልበርን ከተማ ስገባ ፍሌሚንግተን ሰፈር፣ እዚያ የመንግሥት ፎቅ ላይ፣ ግድግዳ የሚለየን ጎረቤቴ ነበሩ። ሰው ባልነበረኝ ጊዜ ሰው የሆኑኝ እሳቸው ናቸው። ሜሮንን በጋሪ ሲገፏት ጀምሮ አውቃታለሁ። አድጋ «እንደ ወይንሸት መዝለል እፈልጋለሁ» ያለች ቀን እናትየው አገር ይያዝልኝ አሉ። ያኔ ቤታቸው ድረስ ሄጄ «እትዬ፣ እኔ አለሁላት» ያልኩት እኔ ነኝ።

ሲያዩኝ ተነስተው አቀፉኝ።

«ወይንዬ! አንቺ እዚያ ባትኖሪ ልጄ ምን ይውጣት ነበር? ፈጣሪ ውለታሽን ይክፈልልኝ።»

«አሜን» አልኩ።

አሜን! ምን ዓይነት ሰው ነው አሜን የሚለው? ሻይ ገዝቼላቸው ተመለስኩ። «የሥራ ሽፍት አለብኝ» ብዬ ወጣሁ። ሽፍቱ የነገ ነው።

ሰኞ

ሥራ። የምነዳው ትራም ሬስኮርስ ሮድ ላይ ሲያልፍ የፍሌሚንግተን ፎቆች በመስታወቱ ይታያሉ። ሌላ ጊዜ የእትዬ ብርቄን መስኮት እፈልግ ነበር። ዛሬ ሐዲዱን ብቻ አየሁ።

ዕረፍት ላይ የክለቡ ኃላፊ ዳረን ደወለ። «ዊኒ» አለኝ (ወይንሸት ይከብዳቸዋል) «ራስሽን እንዳትወቅሽ። ነፋሱ ከደንቡ አላለፈም። ውሳኔው የራሷ ነው።» እውነቱን ነው። አንድም ደንብ አልተጣሰም። ያቃጠለኝም እሱ ነው።

በዚህ ስፖርት ውስጥ አርጅቻለሁና የማውቀውን ልጻፍ። አንድ ሰው ሲሰበር መጀመሪያ የምንጠይቀው «እንዴት ናት?» ብለን አይደለም። «ምን አጠፋች?» ነው የምንለው። ጥፋቷን ካወቅን እኛ አናጠፋውማ! እንተኛለን። ሞት ለጥቂት የሳተው ሰው ቢራ ይጋብዛል፣ ቪዲዮው እየተደጋገመ ይታያል፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ፈርቶ የተመለሰውም ቢራ ይጋብዛል፣ ግን ይሳቅበታል። ታዲያ የትኛውን ነው የምናስተምረው?

ሌላም አለ። ስጀምር ከሴት እኔ፣ ከጥቁርም እኔ ብቻ ነበርኩ። ከወንዶቹ ጮክ ብዬ መሳቅ ተማርኩ። ወገቤን እያመመኝ ዘለልኩ። በኋላ «ዊኒ እኮ ከኛ አንዷ ናት» ሲሉኝ እንደ ሜዳልያ ደረቴ ላይ አንጠለጠልኩት። ሜሮን ስትመጣ መንገዱን ላቀልላት ይገባ ነበር። እኔ ግን እኔ የከፈልኩትን ትክፈል አልኩ። እንደዚያ ብዬ አላሰብኩም፤ ያደረግኩት ግን እሱን ነው።

ማክሰኞ

ሜሮን ነቅታለች። እናቷ ልብስ ለማምጣት ወደ ቤት ሄደው ስለነበር ብቻዋን አገኘኋት። እግሯ በብረት ታስሯል። ፊቷ አንሷል። ያመጣሁላት ማንጎ ጭማቂ ለካ አይፈቀድላትም።

«አመመሽ?» አልኳት።

«መድኃኒቱ ጥሩ ነው» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«ሜሮንዬ፣ ቅዳሜ ያልኩሽ ነገር...» ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም። ሜሮን ከልጅነቷ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ይህን ግን በአማርኛ አለችው፣ ቀስ ብላ፣ ቃላቱን እየፈለገች፦

«ዶሮው ምንም አልመሰለኝም። እነሱ ሁሉንም እንደዚያ ያደርጋሉ። ያንቺ ግን... እማዬን ነካሽ። እነሱ እንዳይሰሙ አድርገሽ ነካሽ።»

«ይቅርታ» አልኩ። ቃሉ አፌ ውስጥ እንደ ወረቀት ነበር።

«ለእማዬ አልነገርኳትም» አለች። «አንቺን ትወድሻለች። እኔ አልነግራትም።»

ከዚያ ወደ እንግሊዝኛዋ ተመለሰች። «አንቺ በአውሮፕላን ተመልሰሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ፈርተሽስ?»

«ሁልጊዜ እፈራለሁ» አልኳት። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። ለማንም ብዬው አላውቅም። ሜሮን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ይህን ቅዳሜ ብትነግሪኝ ጥሩ ነበር» አለች።

ረቡዕ

ነገርኳቸው።

ከሥራ በቀጥታ ሄጄ፣ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ፣ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው» ብዬ ሁሉንም። ሳቁን፣ የተናገርኩትን ቃል በቃል፣ ከሰዓት በኋላ አይቼ እንዳልከለከልኳት። ስለ ጉያው ስናገር ነጠላቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ቢቆጡኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ጠየቁኝ፦

«ሜሮን ይህን ታውቃለች?»

«ታውቃለች፣ እትዬ።»

«እኔ እንዳልሰማ ነው የደበቀችው?»

«ለእኔ ብላ ነው።»

«አየሽ ልጄን?» አሉ። ከዚያ ዞረው አዩኝ። «አሁን ለእኔ የነገርሽኝ ለምንድን ነው? እንዲቀልልሽ?»

እውነታቸውን ነው።

«እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ወይንሸት። እግዚአብሔር ይፍታሽ አልልሽም። ልጄን ያቀፍኩበትን ጉያ ነው ለፈረንጅ መሳቂያ ያደረግሽው። ከሱዳን እስከዚህ ተሸክሜያታለሁ። ከጉያዬ እንድትወጣ ያልፈለግኩ መስሎሽ ነው? ላንቺ የሰጠሁሽ እኮ እንድትወጣ ብዬ ነው!» በእጃቸው መንገዱን አሳዩኝ። «በይ ሂጂ። እዚያ ሜዳችሁ ላይ የሌላ ሰው ልጅም አለ። ለእነሱ ተናገሪ። ለእኔ አታልቅሺብኝ።»

ተነስተው ገቡ። እኔ እዚያው ተቀመጥኩ። አንዲት ነርስ ደህና እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ደህና ነኝ አልኳት።

ሐሙስ

ሥራ አልገባሁም፤ ሲክ ሊቭ፣ የሕመም ፈቃድ። ሆፐርስ ክሮሲንግ፣ ከከተማው ዳር ባለው ቤቴ ውስጥ ልብስ አጠብኩ። የታጠበውንም አጠብኩ።

መተው አሰብኩ። ዝላዩን ጭራሽ መተው። ከዚያ እውነቱን ልናገር፦ እወደዋለሁ። በሩ ጫፍ ላይ የማላውቀው ሰው ማሰሪያዬን አንድ በአንድ ፈትሾ ትከሻዬን ሲነካኝ፣ ያን ያህል የሚጠነቀቅልኝ ሌላ ቦታ የለኝም። እዚያ ላይ ከየት ነሽ የሚለኝ የለም። ግራንት የሚባል ሽማግሌ አለ፣ መዝለል ያስተማረኝ፤ አባቴ የሞተ ጊዜ ለቀስተኛ ሆኖ ቤቴ የተቀመጠው እሱ ነው። እንጀራ በማንኪያ እየበላ። እነዚህ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ቀላል ነበር። ትቼ ብሄድ ደግሞ ደግመው የሚስቁት በሌላ ሰው ነው፣ እኔ ብቻ ንጹሕ እሆናለሁ።

ሜዳው ላይ የምናገረውን ወረቀት ላይ ለመጻፍ ሞከርኩ። እንግሊዝኛዬ በድንገት የዛሬ ሃያ ዓመቱ ሆነ። ቀደድኩት።

ቅዳሜ

ተናገርኩ።

የጠዋቱ ስብሰባ ላይ ዳረን ስለ አየሩ ከጨረሰ በኋላ እጄን አነሳሁ። ሜሮንን በአማርኛ ምን እንዳልኳት ተርጉሜ ነገርኳቸው። አንድ ሁለቱ ሊስቁ ብለው ተዉት። «በዚያ ምክንያት ነው ተመልሳ የወጣችው» አልኩ። «ነፋሱን ንቃ አይደለም። እኔን ፈርታ ነው። ዶሮው ይቅር። ቢራውም ይቅር። የሚመለስ ሰው ዝም ተብሎ ይመለስ።»

ዳረን «ጉዳዩን እናየዋለን» አለ፣ የቢሮ አባባል። ግራንት ግን ተነሳ።

«ዊኒ፣ እኛን እኮ እንዲህ ነው ያሳደጉን። ምን ሆንን? ተጎዳን?»

«አዎ» አልኩት። «እኔን እየኝ፣ ግራንት። ከእናንተ አንዷ ልሁን ብዬ ምን እንደሆንኩ እየኝ።»

ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። ቡና ላይም ጀርባውን ሰጠኝ። ይህ በጣም ያማል፤ እንደሚያም አውቄ ነበር፣ ይህን ያህል ግን አልጠበቅኩም።

ወደ ቀትር ገደማ አውሮፕላኑ ይዞን ወጣ። ነፋሱ ከታች እየጠነከረ ነበር። በሩ ተከፈተ። ሌላው ሁሉ ዘለለ። አጠገቤ የተቀመጠው ቶም፣ ጥርስ ሐኪም ነው፣ ትልቅ ሰው፣ በሩን እያየ አይነቃነቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ሂድ!» የምለው አሁን ነበር። «እኔ ዛሬ እመለሳለሁ» አልኩት።

እውነት እንነጋገር ከተባለ ያ ነፋስ ለእኔ ምንም አልነበረም። ለታይታ ነው የተመለስኩት? በከፊል። ቶም ግን ዓይኑን ጨፍኖ ተነፈሰ። «እኔም» አለ። አብራሪው ዞሮ «ምን ሆናችሁ?» አለን። «ምንም» አልነው። በዚህ ሁሉ ዓመት በዚያች አውሮፕላን እወጣለሁ እንጂ፣ ስወርድባት የመጀመሪያዬ ነው። ስታርፍ ትነጥራለች። ጆሮዬን አመመኝ። ቶም እጄን ይዞ ነበር፣ ወይም እኔ ነኝ የያዝኩት።

ሃንጋር ስንገባ ማንም አልተንጫጫም። ማንም ግን ቀና ብሎ አላየንም።

እሑድ

ጠዋት ስልክ። እትዬ ብርቄ። ከረቡዕ ጀምሮ አልደወሉም፤ እኔም አልደፈርኩም። የማጥበውን ሳህን አስቀምጬ አነሳሁት።

«ወይንሸት» አሉኝ። ወይንዬ አላሉም። «ሐኪሙ፣ ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ትወጣለች ብሏል። በዊልቼር ነው። የእኛ ሊፍት እንደምታውቂው ሁሌ ይበላሻል፤ ብቻዬን አልችላትም። ሽፍትሽ እንዴት ነው?»

«ኦፍ ነኝ፣ ሥራ የለኝም፣ እትዬ» አልኩ። የትኛው ቀን እንደሆነ እንኳ አልነገሩኝም ነበር። ሽፍት የሚቀይረኝ ሰው እለምናለሁ።

«ተናገርሽ?» አሉኝ።

«ተናገርኩ።»

«ሰሙሽ?»

«አንዳንዱ።»

«እህ» አሉ። ከኋላ የነርሶች ድምፅ ይሰማኛል። «ሜሮን ትጠራኛለች፣ ቻው» ብለው ዘጉት።

ይቅርታ ይሁን ወይም መኪና ስላለኝ ብቻ ይሁን አላውቅም። አልጠየቅኩም። ወርጄ የኋላ ወንበሩ ላይ ያለውን ኮተት ሁሉ አወጣሁ። እግሯን ዘርግታ የምትጋደምበት ይበቃ እንደሆነ ብዬ ራሴ ገብቼ ተጋደምኩበት፣ በሩን ዘግቼ፤ የጎረቤት ልጆች በመስታወት እያዩኝ። ለእኔ ይበቃል። እሷ ግን ከእኔ ትረዝማለች።