ድንቡሼ የምትውልበት ክበብ

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 18 ቀን

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንዴት ከርመሽልኛል? ሥራው፣ ብርዱ፣ የወገብሽ ነገርስ እንዴት ሆነ? እኛ ደህና ነን። እኔን ያስቸገረኝ ድካም ብቻ ነው። ከሥራ ስገባ እግሬ አብጦ ጫማው አልወጣ ይለኛል፤ ልጅሽ ናት ጎትታ የምታወልቅልኝ።

ባለፈው በስልክ፣ «እትዬ፣ ድንቡሼን የምወስድበት ጉዳይ አለቀልኝ። እዚህም የእረፍት ጊዜ ክበብ አግኝቼላታለሁ፤ መዋኛ አለው፣ ትልቅ ስክሪን አለው። ጥሩ ይመስልሻል?» ስትይኝ፣ «ጥሩ ነው» ብዬ ዘጋሁብሽ። ቅር እንዳይልሽ። ልጅቷ አጠገቤ ነበረች፤ እኔም አፌን ለመክፈት እንኳ አቅም አልነበረኝም። ዛሬ ሥራ ስለሌለኝ የዚህን ክረምት እረፍት ነገር ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ። እስካሁን የደበቅሁሽ እዚያ ብቻሽን ሆነሽ እንዳትብሰለሰዪ ብዬ ነው።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጭንቅ ያዘኝ። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ልጅ ይዞ የሚገባበት አይደለም፤ እንፋሎቱ፣ ካውያው፣ የሚያንሸራትተው ወለል። ኃላፊያችን ይዣት ስገባ አይቶ እንዳላየ አለፈኝ፣ አለፈኝና፣ «እህቴ፣ ልጅቷ ብትቃጠል ማን ሊጠየቅ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው።

ከትልቁ መንገድ ማዶ አንድ ክበብ አገኘሁ። ግድግዳው በሙሉ ዝሆንና ቀስተ ደመና የተሳለበት፣ ወለሉ እንደ መስተዋት የሚያበራ። ሥራ አስኪያጇ አፏ ማር ነው። «አይዞሽ እናት፣ እንደ ቤቷ ናት» አለችኝ። የልጅቷን እጅ ተቀብላ ወደ ውስጥ አስገባቻት፤ እኔም ሥራ ረፍዶብኝ ስለነበር ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ማታ፣ «ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?» እላታለሁ።

«ፊልም።»

«ከዚያስ?»

«ሌላ ፊልም።»

ያ ወሬ የማይጠግብ አፏ ተለጎመ። ለምዳ ነው፣ አድጋ ነው እያልኩ አለፍኩት።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የትራስ ልብስ እያጠፍኩ ዞር ስል በሩ ላይ ቆማለች። ብቻዋን! ያን መኪና የሚጋልብበትን መንገድ ብቻዋን ተሻግራ!

«ከማን ጋር መጣሽ?»

«ከማንም።»

«ምን ሆነሽ?»

«ሽንቴ መጣ። ለማን እንደምናገር አላወቅሁም» አለችኝ። ቀሚሷ ርሷል። እያለቀሰች እንኳ አልነበረም፤ እሱ ነው አንጀቴን የበላው።

አጥቤ፣ ልብሷን ቀይሬ፣ ለጓደኛዬ ትቻት ወደ ክበቡ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጇ ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ።

«ልጄን ልወስድ ነው» አልኳት።

«ዛሬ በጊዜ መጣሽ! ውስጥ ናት፣ ፊልም እያየች ነው።»

«አይተሻታል?»

«አሁን ነው ያየኋት።»

«እንግዲያው ጥሪልኝ።»

ገባች። ቆየች። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። እህቴ፣ ልጮህባት ነበር የሄድኩት፤ ግን እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ «እኔ ጋ ናት» ብያት የልጅቷን ቦርሳ አንስቼ ወጣሁ።

ቀጥሎ ያገኘነውን ቦታ ብታዪው አይስብሽም። የአንድ ትምህርት ቤት የድሮ የእንጨት ሥራ ክፍል ነው፤ ቀለሙ ተላጥቷል፣ መስኮቱ ሲዘጋ ይጮሃል። የሚመሩት ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው። ልጆቹ «ጋሼ ፊሽካ» ይሏቸዋል። እሳቸው እኔን ከቁም ነገር አልቆጠሩኝም። ቁጢጥ ብለው ከድንቡሼ ጋር እኩል ሆኑና፣ «ሽንት ቤቱ ያውልሽ፤ ማንንም ሳታስፈቅጂ ትሄጃለሽ። የሚጠጣ ውሃ ይኸው። በር ላይ ያለችው እመቤት ሳታውቅ ግን ከግቢ መውጣት የለም፤ እኔም ብሆን አስፈቅጄ ነው የምወጣው» አሏት። ሳቀች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በጥያቄ አጣደፉኝ። ምን ትፈራለች? ስትከፋ ትናገራለች ወይስ ትደበቃለች? ማታ ማን ይወስዳታል?

«እናቷስ?» አሉኝ።

«ሩቅ ናት» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ሌላ አልጠየቁኝም።

መጀመሪያ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። «አታጫውቷትም?» ስላቸው፣ «እያየችን ነው። ስትፈልግ ትመጣለች» አሉኝ። ረዳታቸው አጠገቧ ቁጭ ብላ ዝም ብላ ካርቶን ትቆርጥ ነበር አሉ። ካርቶኑ ቤት ሆነ። ድንቡሼ አየች፣ አየችና፣ «በር የሌለው ቤት አለ እንዴ?» ብላ መቀሱን ነጠቀቻት። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት! ጉልበቷ ተልጦ፣ ፀጉሯ ሙጫ ጠጥቶ ትመጣለች። ጠዋት የተጣላችውን ልጅ ማታ ጓደኛዬ ትለዋለች። እራት ላይ እኔ ሹካ ይዤ ሳንቀላፋ፣ «እትዬ፣ እየሰማሽኝ አይደለም!» ብላ ትቆጣኛለች።

እና እዚያ ያለውን ክበብ ስታዪ በቀጠሮ አትሂጂ። እኩለ ቀን ላይ ድንገት ሂጂ። ጫጫታ ካለ ደስ ይበልሽ፤ ጸጥ ካለ ተጠራጠሪ። ከልጆቹ አንዱን ጠቁመሽ ስሙ ማን እንደሆነ ጠይቂያቸው። ሽንት ቤቱን ገብተሽ እዪ። ትልቁ ስክሪን ከተከፈተ ማን ከልጆቹ ጋር እንደሚቀመጥ ጠይቂ። መዋኛው ጥሩ ነው፤ ግን ድንቡሼ ፊቷን ውሃ ሲነካት ትንፋሿ ቁርጥ ይላል፣ ንገሪያቸው። ሽንቷ ሲይዛት አሁንም በአፏ አትናገርም፤ እግሯን ታጠላልፋለች። ስታለቅስ ማባበል አትወድም፤ ዝም ብሎ ጀርባዋን ዳሰስ ማድረግ ነው። ከእንቅልፍ ስትነሳ ወዲያው አታናግሪያት። እነሱ ሲጠይቁሽ የምትመልሺው አንቺ ስለሆንሽ ነው ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ።

ትናንት የክበቡ መዝጊያ ነበር። ሽርጤን ሳላወልቅ ከሥራ ሮጬ ደረስኩ። ልጆቹ በካርቶን የሠሩትን መንደር ለወላጆች እያሳዩ ነበር። ድንቡሼ ከሰው መሃል ስታየኝ፣ «እናቴ መጣች! እናቴ መጣች!» ብላ ለጓደኞቿ ጮኸች። ጋሼ ፊሽካ አየት አደረጉኝ። ልጆች ፊት እንዳላሳፍራት ብዬ አላረምኳትም። ወደ ቤት ስንመለስም ደክሞኝ ስለነበር አላነሳሁትም።

የምትወስጃትን ቀን ቁርጡን ንገሪኝ። ቸኩዬ አይደለም። ሹራቧ አጥሯታል፤ ሌላ ልግዛላት ወይስ እዚያ ትገዢላታለሽ ብዬ ነው። ጋሼ ፊሽካ ደግሞ ለሚቀጥለው እረፍት ቦታ ይያዝላት ወይ ብለው ጠይቀውኝ፣ «ያዙላት» ብያቸዋለሁ። ምናልባት ከዘገየሽ ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

ሥራሽን ያቅልልሽ፤ በሰው አገር ደግ ሰው አያሳጣሽ። ወገብሽን ከብርድ ጠብቂው። ልጅሽ ጎረቤት ካሉት ልጆች ጋር ጨዋታ ላይ ናት፤ ድምፅዋ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።

የምትወድሽ፣
እትዬ